ቅዳሜ ጠዋት በሰፈር ሜዳ
ስለ ቤተሰብ ሩጫ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ ማግስቱ እንቁጣጣሽ ሊሆን፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ አገኘ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጀበት። ይህን ታሪክ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደነበረም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሦስተኛውን ግን እምብዛም አናነሳውም። ባሪ ማጊ ይባላል፤ የኒውዚላንድ ሰው ነው። ስለ ቤተሰብ ሩጫ ልናገር መጥቼ ከእሱ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። የማጊ አሰልጣኝ ከሻምፒዮኖቹ ሥልጠና ሌላ የሠራው አንድ ሥራ ነበር፤ ያ ሥራ ዞሮ ዞሮ እኛው መስቀል አደባባይ ድረስ መጥቷል።

አሰልጣኙ አርተር ሊዲያርድ ነው። በኦክላንድ ከተማ በጫማ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ራግቢ የሚጫወት፣ ራሱን እንደ ጤነኛ የሚቆጥር ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ከወዳጁ ጋር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ልቡ ከደረቱ ሊወጣ ደረሰ። ገና በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ከሆንኩ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ልሆን ነው ብሎ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በገዛ ሰውነቱ ላይ ሞከረ፤ አንዳንዴ አብዝቶ፣ አንዳንዴ አሳንሶ ሮጠ። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር በዘመኑ ለነበሩ አሰልጣኞች እንግዳ ነበር፦ የሰው ልጅ ጽናት የሚገነባው በዝግታ፣ ረጅም ጊዜ በመሮጥ ነው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በዚሁ መንገድ አሠለጠናቸው። ከእነዚያ ልጆች ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሪ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር ሮም ላይ በአንድ ቀን ወርቅ ወሰዱ። ማጊ ደግሞ ከአበበ ኋላ ነሐሱን አገኘ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ታሪኩ የሜዳሊያ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ሊዲያርድ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ኦክላንድ ውስጥ የልብ ሕመም ያገኛቸውንና ቦርጭ የከበዳቸውን ጎልማሶችና ጡረተኞች ሰብስቦ የሶምሶማ ማኅበር አቋቋመ። በዚያ ዘመን ልቡን ያመመው ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኛ ነበር የሚታዘዘው። ከአልጋው ሲነሳም እንደ ተሰባሪ ዕቃ ተጠብቆ፣ ደረጃ እንዳይወጣ ተከልክሎ ይኖራል። ሊዲያርድ እነዚህን ሰዎች ሜዳ አወጣቸው። የሰጣቸው ሕግ አንድ ነበር፦ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ። ከአጭር ርቀት የጀመሩት ቀስ በቀስ ኪሎ ሜትሮችን መጨረስ ቻሉ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ቢል ባወርማን የተባለ አሜሪካዊ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ኦክላንድን ጎበኘ። ይህ ሰው ቆይቶ ናይኪን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ነው። ሊዲያርድ አንድ ጠዋት ከሶምሶማ ማኅበሩ ጋር ዳገት ወሰደው። ባወርማን ዕድሜው ከ50 ዘለል ያለ፣ ሻምፒዮኖችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር፤ ዳገቱ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ልባቸውን ደጋግሞ ያመማቸው አንድ አዛውንት አዘኑለትና እርምጃቸውን ቀንሰው እያጫወቱት አብረውት ጨረሱ። ባወርማን አገሩ ሲመለስ የዩጂን ከተማን ሕዝብ ለሶምሶማ ጠራ። ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው የሶምሶማ መጽሐፍ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። አሜሪካኖች በየመናፈሻው መሮጥ የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኦክላንድም አልቆመችም። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የከተማው ሕዝብ በባሕሩ ዳር በአንድነት የሚሮጥበት ቀን ተጀመረ፤ ሕፃን በጋሪ እየገፉ የሚሮጡ ወላጆች ያሉበት፣ ማንም ማንንም የማይሽቀዳደምበት ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዛዊው ብሬንዳን ፎስተር፣ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ሯጭ፣ ይህን ሕዝብ አየና ልቡ ተነካ። ከሁለት ዓመት በኋላ በትውልድ አካባቢው ከኒውካስል ተነስቶ ባሕር ዳርቻ የሚደርስ የግማሽ ማራቶን ሩጫ አዘጋጀ፤ ለመጀመሪያው ዙር 12,000 ያህል ሰው ተመዘገበ። ታላቁ የሰሜን ሩጫ ይሉታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ልዩነት ከቀደመ በኋላ፣ እሱና ወዳጆቹ ይህን የመሰለ ሩጫ ለአዲስ አበባ አሰቡ። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰው የተሳተፈበት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ኃይሌ ራሱ አሸነፈ፤ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ።

እንግዲህ ክሩን ተከተሉት። በሮም ከአበበ ኋላ የገባው ልጅ አሰልጣኝ የልብ ሕሙማንን ወደ ሜዳ አወጣ፤ የእሱ ከተማ ለሕዝብ ሩጫ ወጣች፤ ያንን ያየ እንግሊዛዊ አገሩ ወሰደው፤ ከዚያ ኃይሌ ለእኛ አመጣልን። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ሳይለወጥ የዘለቀው ነገር ፍጥነት አይደለም። ለሕዝብ የተላለፈው ቀስ ብሎ፣ እያወሩ መሮጥ ነው።

ታላቁ ሩጫን እወደዋለሁ። ከፊት የሚሮጡት በሰላሳ ደቂቃ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳሉ፤ እነሱ ሲገቡ ከኋላ ያለው ሕዝብ ገና መንገዱን አልሞላውም። እኔ የማየው ይህን የኋላውን ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ቱታዋን በቀሚስ ላይ የደረበች እናት፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት፣ እየጨፈሩ የሚያልፉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች። ዘወትር የመኪና የሆነ አስፋልት ለአንድ ጠዋት የእግረኛ ይሆናል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቅድሚያ ለሴቶች የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። በሕይወቷ አንድም ቀን ሮጣ የማታውቅ ሴት ጓደኞቿን ይዛ አደባባይ ወጥታ መሮጧ በአገራችን ትልቅ ለውጥ ነው። ለሕፃናትም በየዕድሜያቸው የተከፋፈለ አጭር ሩጫ ይዘጋጃል።

ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ቀን ነው። ማግስቱን ቲሸርቱ ታጥቦ ቁምሳጥን ይገባል። ልጁ ወደ ክፍሉና ወደ ስልኩ፣ አባት ወደ መኪናው ወይም ወደ ታክሲው፣ እናት ወደ ማያልቀው የቤት ሥራዋ ይመለሳሉ። መመዝገቢያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ቦታው ውሱን ነው፤ አምስት ቤተሰብ ያለው ሰው አምስት ቲሸርት መግዛት ሊከብደው ይችላል። በዓል በዓል ነው፤ ጤና የሚሠራው ግን በአዘቦት ቀን ነው። ዛሬ የመጣሁበትን ጉዳይ በአጭሩ ልናገረው፦ ኢትዮጵያ ትልቁን የሕዝብ ሩጫ ካገኘች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አሁን የሚያስፈልጋት ትንሹ ነው። በየሰፈሩ፣ በየሳምንቱ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ አሸናፊ የሚሮጥ የቤተሰብ ሩጫ።

ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ ከልጆቹ እጀምራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ጠንከር ያለ ከሆነ የዚህ ግማሽ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን መጠን አያሟሉም። ከአምስት ልጆች አራቱ ማለት ነው። በአምስት ዓመት ዕድሜው አላርፍ ያለ ልጅ በ15 ዓመቱ ከወንበር የማይነሳ የሚሆነው ተፈጥሮው ተለውጦ አይደለም። እኛ ነን የምናስቀምጠው።

ስለ ልብና ስለ ሳንባ ብዙ ስለምትሰሙ አልደግመውም። ብዙ ጊዜ ሲነገር የማልሰማውን ግን ላንሳ፤ ደጅ መውጣት ብቻውን ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። በቻይና ጓንጆ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች በአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ክፍለ ጊዜ ተጨመረ፤ በሌሎቹ አልተጨመረም። ከሦስት ዓመት በኋላ የደጅ ጊዜ ካልተጨመረላቸው ልጆች 39.5 በመቶው የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ጀመራቸው፤ ከተጨመረላቸው ግን 30.4 በመቶው ብቻ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። እነዚያ ልጆች መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ መነጽርም አልተቀየረላቸውም። የደጅ ጊዜ ነው የተጨመረላቸው።

የእኛው አገር ምሳሌ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሐኪሞች በአዲስ አበባ ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ሪኬትስ የተባለው፣ አጥንት የሚያለሰልስና እግር የሚያጎብጥ በሽታ በሳንባ ምች በተያዙት ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ጎልቶ ተገኘ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱ ለመተንፈስም ለመሳልም አቅም ያጣል። ሪኬትስ የሚመጣው በአብዛኛው ከፀሐይ በሚገኘው ቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። እስቲ አስቡት፤ የ13 ወር ፀሐይ አለን እያልን እንግዳ በምንጠራበት አገር ልጆች በፀሐይ እጥረት ይታመማሉ። ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል ብለን ሸፋፍነን ቤት ስለምናስቀምጣቸው ነው። እናቶችን ልወቅስ አይደለም፤ ፍርሃታቸው ከፍቅር ነው። ነገር ግን እናትየዋን ራሷን ከነልጇ ጠዋት ሜዳ የሚያወጣ ምክንያት ብናገኝላት፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ያ ይጠቅማታል።

አንዳንድ ሰው ይህን ስል የገጠሩን ልጅ ይጠቅስልኛል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያበቀለችው በቆጂ ማን አሠለጠናት ይላል፤ ልጆች ትምህርት ቤት በሩጫ ስለሚሄዱ አይደለም ወይ? በእርግጥ እግር የሚጠነክረው በመንገድ ነው፤ የበቆጂን ልጆች ሜዳ ላይ ያሠለጠነው መምህር ስንታየሁ እሸቱም ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም ሁለቱን ነገሮች ማምታታት አልወድም። የገጠር ልጅ የሚሮጠው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ነው። እህቱ ደግሞ እንስራ ይዛ ምንጭ ወርዳ ትመጣለች፤ ትምህርት ቤት ስትደርስ ደክሟታል። ያ ድካም ነው፤ ጨዋታ አይደለም። የገጠሯ ልጅ የሚያስፈልጋት ሸክም የሚቀንስላት ቧንቧና ቀረብ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስትሮጥ ደስ ብሏት ትሮጣለች። የምናገረው በተለይ ስለ ከተማው ልጅ ነው፤ ቁጥሩም በየዓመቱ እየጨመረ ነው።

የከተማው ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጠዋት ሰርቪስ ከበር ይወስደዋል፤ ማታ ከበር ያደርሰዋል። ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የድሮው ኳስ ሜዳ ወይ ታጥሯል ወይ ተሠርቶበታል። ቅዳሜ አስጠኚ ይመጣለታል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ መሮጫ የለውም። ለሜዳ የምንሰጠው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ጃንሜዳን አይቶ መፍረድ ይቻላል። ጃንሜዳ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ስንት አገር አቋራጭ ሯጭ የተፈተነበት፣ ስንት ጎረምሳ ኳስ የተማረበት ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። ጊዜው አስገዳጅ ነበር፣ እረዳለሁ፤ ሰውን ማራራቅ ያስፈልግ ነበር። ገበያው እስኪነሳ ግን ወራት አለፉ፤ በዚያ ጊዜ በየጠዋቱ እዚያ ሲሮጡ የነበሩ ሰዎች የት እንደሚሮጡ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ሜዳ ባዶ ሲሆን ሥራ ፈት ይመስለናል።

አሁን ትንሹ ሩጫ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2004 ለንደን አጠገብ ቡሺ ፓርክ በሚባል መናፈሻ 13 ሰዎች 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ያሰባሰባቸው ፖል ሲንተን ሂዊት ሥራውን ያጣ፣ ተጎድቶም መሮጥ ያልቻለ ሯጭ ነበር። ከወዳጆቹ ላለመራቅ ብሎ ሰዓት ያዘላቸው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። ዛሬ ፓርክራን የሚባለው ይህ ሩጫ ከ20 በላይ አገሮች ውስጥ በየቅዳሜው ይካሄዳል። ክፍያ የለውም። አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዛሬ የሮጠ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ቆሞ ሰዓት ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች 2 ኪሎ ሜትር የሆነ የእሑድ ሩጫ ተጨመረ። በእንግሊዝ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ወደዚህ ሩጫ መላክ ጀምረዋል።

ከአሠራራቸው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው። ከሁሉም ኋላ እየተራመደ የሚመጣ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል። ሥራው መጨረሻ መግባት ነው። እሱ ስላለ፣ ከተሳታፊዎች ማንም የመጨረሻ አይሆንም። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወፈር ያለች እናት ወይም በዕድሜ የገፉ አባት፣ ሜዳ የማይወጡት መሮጥ ስለሚጠሉ አይደለም፤ ኋላ ቀርተው መታየቱን ስለሚያፍሩ ነው። የሰው ዓይን ከዳገት ይከብዳል። ያ አንድ ሰው ከኋላ ሲኖር ግን እፍረቱ ይቀላል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለ መርሐ ግብር በከተሞቻችን መንገዶች ለእሑድ ጠዋት ከመኪና ነፃ እንዲሆኑ አድርጎ ነበር። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1974 ጀምራ ዛሬ በየእሑዱ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ትዘጋለች። ልዩነቱ እነሱ ሳምንት አለማስለፋቸው ነው።

ለእኛ ሰፈር የሚሆነው ሩጫ ምን መምሰል አለበት? ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ዙሪያው 400 ሜትር የሆነ ሜዳ ካለ አምስት ዙር ነው፤ የኳስ ሜዳ ብቻ ከሆነም ዙሩን መጨመር ነው። ዙር መሆኑ ለቤተሰብ ይስማማል፤ ፈጣኑና ዘገምተኛው ስለማይራራቁ እናት ልጇን ከዓይኗ አታጣውም፤ የደከመውም ሁለት ዙር ሮጦ መቀመጥ ይችላል። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ብዙ ነው፣ ዓርብም የጁምዓ ቀን ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ መኪናና አቧራ ሳይበዛ። በጾም ወራት ሳይበሉ የሚቆዩ ሰዎች ቢራመዱ ይሻላል፤ በረመዳንም እንዲሁ።

ፍጥነቱ የሊዲያርድ ነው፦ እያወራችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ ዘመድ ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መራመድ አለበት። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እየሮጠ ደረቱን የወጋው፣ ያዞረው፣ ራሱን ሊስት የመሰለው ወዲያው ይቁም፤ ይህን በየሳምንቱ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። አስም ያለበትን ልጅ ግን ቤት አታስቀሩት፤ መድኃኒቱን ይዞ፣ ሐኪሙ በነገረው መንገድ መሮጥ ይችላል። ውድ ጫማ አያስፈልግም። ሸራ ጫማም ይሆናል። ከሩጫው በፊት ግን ሁለት ሰው ዙሪያውን ዞሮ የተሰበረ ጠርሙስና ድንጋይ ይልቀም።

ስለ ልጆች ሩጫ ለአባቶች የምለው አለኝ። ልጅ የሚሮጠው ብር ብሎ ነው፤ ከዚያ ይቆማል፤ ቢራቢሮ ያያል፤ እንደገና ብር ይላል። ሰውነቱ የተሠራው እንደዚያ ነው፣ ስህተት አይደለም። ክንዱን ይዘን እየጎተትን ያለማቋረጥ ሩጥ ስንለው ሩጫን ከቅጣት ጋር እናያይዝበታለን። ከዳር ቆመንም በለው፣ ቅደመው፣ አትሸነፍ እያልን አንጩህ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ርቀት አይቆጠርለት፤ ሣሩ ላይ ይሩጥ፣ ይውደቅ፣ ይነሳ። አባትም ከመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ስልኩን እያየ ልጁን ብቻ እንዳይልክ። ልጅ የሚያደርገው ያየውን ነው። እናትም አባትም አብረው ቢሮጡ፣ ባይችሉ ቢራመዱ፣ ልጁ እንቅስቃሴን የቤተሰብ ነገር አድርጎ ያድጋል።

ሽልማት አይኑር። ይህን አጥብቄ የምለው አገራችንን ስለማውቃት ነው። ሩጫ ለእኛ የእንጀራ መንገድም ሆኗል፤ ስንት ድሃ ቤት በአንድ ልጅ እግር ተቀይሯል። በዚህ እኮራለሁ። በቤተሰቡ ሩጫ ላይ ግን ገንዘብና ዋንጫ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ሜዳው የፈጣን ጎረምሶች ይሆናል፤ እናቶቹና ሕፃናቱ ዳር ይወጣሉ። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ክለብ አለው፣ ፕሮጀክት አለው፣ ውድድር አለው። ይህ ሜዳ የሌሎቹ ይሁን። ሴቶች በለመዱት ልብስ ይሩጡ፤ በቀሚስ፣ በሻሽ፣ በሂጃብ። በመጡበት ልብስ ማንም አይመልሳቸው፤ ከጎረምሳ ለከፋ የሚጠብቃቸውም ሰው ይኑር። አዛውንቶች በምርኩዝ አንድ ዙር ከተራመዱ ተሳትፈዋል፤ ስማቸው ከሮጡት ጋር ይጻፍ።

ሜዳ የለንም ለሚሉኝ አንድ መልስ አለኝ። በየሰፈሩ ትምህርት ቤት አለ። አብዛኛው ግቢ አለው፤ አጥር አለው፤ ዘበኛ አለው፤ መጸዳጃና ብዙ ጊዜም ውኃ አለው። መኪና አይገባበትም። ልጆቻችን መንገዱን ያውቁታል። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት በሌለበት ግቢ ይህ ሜዳ ተቆልፎ ይውላል። አዲስ መናፈሻ እስኪሠራ መጠበቅ፣ በጀት መጠየቅ፣ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ቃሌ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ርእሳነ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴ አባላት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በሩን ክፈቱልን። ሜዳውን ጠርገን የምንሮጥበት፣ ስም የምንመዘግበው፣ ከሁሉም ኋላ የምንራመደው፣ ስንጨርስም አጽድተን በሩን ዘግተን የምናስረክበው እኛ ወላጆች ነን። የምትፈቅዱ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ በመውጫው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ የሚቀጥለውን ቅዳሜ እዚያው እንቀጣጠር።